«ሴንሰር ነው» የተባለው ቀይ ጽሑፍ እና የ2004 መርሴዲስ

ጥያቄው፦ «የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ሥራዬ ቦሌ ነው። ቪትዝ ልገዛበት ያጠራቀምኩት ገንዘብ አለ። ትንሽ ብጨምርበት ግን በፈረንጆች 2004 የተሠራ መርሴዲስ ኢ240 አገኘሁ። ከዱባይ የመጣ ነው፤ 128 ሺህ ኪሎ ሜትር ብቻ ነው የሄደው። ወንበሩ ቆዳ ነው፣ ቀለሙም አልተነካም። አልፎ አልፎ ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ የፍሬን ጽሑፍ ይመጣል። ደላላው ‹ሴንሰር ነው፣ በኮምፒውተር ይጠፋል› አለኝ። ጓደኞቼ የድሮ መርሴዲስ አይሞትም ይላሉ፤ ባለቤቴ ግን ተቃውማለች። እስከ ቅዳሜ ቀብድ ካልሰጠሁ ለሌላ ሰው ይሸጣል ተብያለሁ። ምን ይመክሩኛል?»

ምላሽ፦

ይህን መኪና አይግዙ። መርሴዲስ አይግዙ እያልኩ አይደለም። ይህኛውን፣ በዚህ ፍሬን፣ ባለዎት ገንዘብ፣ ለዕለት መመላለሻ አይግዙት ነው የምለው። ባለቤትዎ በምን ምክንያት እንደተቃወሙ አልጻፉልኝም፤ ግን ልክ ናቸው።

ጓደኞችዎም አልዋሹም። የሚያወሩት ስለ ሌላ መኪና ነው። «አይሞትም» የተባለው መርሴዲስ በ1976 ለገበያ የቀረበው 123 የሚባለው ሞዴል እና ከእሱ ቀጥሎ በ1984 የመጣው 124 ነው። (የመኪና ዓመቶችን ሁሉ በፈረንጆች ነው የምጽፈው።) እነዚያን ጥሩ መካኒክ በጆሮውና በእጁ ብቻ ያክማቸዋል። እርስዎ ያዩት ከ2002 እስከ 2009 የተመረተው 211 የሚባለው ሞዴል ነው። ኮፈኑ ላይ ያለችው ኮከብ አንድ ናት። ውስጡ ግን ከመስኮት ጀምሮ እስከ ፍሬን በኮምፒውተር የሚታዘዝ ነው።

ዋናው ጉዳይም ፍሬኑ ነው፤ እሱ ላይ ቆም እንበል።

በ2006 አጋማሽ መልኩ እስኪታደስ ድረስ የወጣው 211 ኤስቢሲ የሚባል ፍሬን አለው። በተለመደው መኪና ፔዳሉን ሲረግጡ እግርዎ በሰርቮ (የእግርን ግፊት በሚያግዝ ክፍል) እየታገዘ የፍሬን ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ ይገፋል። በዚህኛው ግን ፔዳሉ ሥራው ምን ያህል እንደረገጡ ለኮምፒውተሩ መንገር ብቻ ነው። አንድ ፖምፓ ቀድሞ ግፊት ያጠራቅማል፤ ኮምፒውተሩ ያንን ግፊት ለአራቱም ጎማ እየመጠነ ያድላል። እግርዎ ሥር የሚሰማዎት ጥንካሬ እንኳ ተመስሎ የተሠራ ነው። አዲስ እያለ ድንቅ ፍሬን ነበር። ይሁን እንጂ ፋብሪካው ራሱ በ2004 በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ መኪናዎችን ለዚሁ ፍሬን ሲል መልሶ ጠርቷል፤ ከ2006 አጋማሽ ጀምሮም በዚህ ሞዴል ላይ ትቶት ወደ ተለመደው ፍሬን ተመልሷል።

አሁን ደላላው ያልነገርዎትን ልንገርዎ። ይህ የፍሬን ክፍል ዕድሜው ተቆርጦለት ነው የተሠራው። ስንት ጊዜ እንደተረገጠ እየቆጠረ ይመዘግባል። ቁጥሩ ሲሞላ ፍሬኑ ገና ደህና እየያዘም ቢሆን ቀይ ጽሑፍ ያወጣል፤ ጋራዥ ሂድ ይላል። ፋብሪካው ያኔ ክፍሉ በሙሉ እንዲቀየር ነው የሚያዘው። ሰው ግን መኪናው ቀጥ ብሎ ስለሚቆምለት ችላ ይለዋል። ፖምፓው ወይም ኤሌክትሪኩ የከዳ ቀን ጉልበትዎ የሚደርሰው ሁለቱ የፊት ጎማዎች ጋ ብቻ ይሆናል። ፔዳሉ ወደ ታች ይዘልቃል፤ በሙሉ ኃይልዎ ካልረገጡት በቀር መኪናው አይቆምም። ይህ የሚሆነው ደግሞ ልጆቹን ትምህርት ቤት ሲያደርሱ፣ ከፊትዎ ሲኖትራክ ድንገት ሲቆም ሊሆን ይችላል።

ለደላላውም ፍትሕ እንስጠው፤ ሙሉ በሙሉ ውሸት ላይሆን ይችላል። ባትሪ ሲደክምም የፍሬን ጽሑፍ ይመጣል። መኪናው ሁለት ባትሪ አለው። ትልቁ ከኋላ ሻንጣው ወለል ሥር ነው። ትንሿ ከፊት ኮፈኑ ሥር ናት፤ ሥራዋም ለፍሬኑ መጠባበቂያ መሆን ነው። መኪናውን ለዓመታት ነድተው ይህችን ትንሽ ባትሪ አይተዋት የማያውቁ ባለቤቶች ሞልተዋል። ስለዚህ መለየት ያስፈልጋል። የመርሴዲስ መመርመሪያ ያለው ጋራዥ ይውሰዱትና «የፍሬኑን ክፍል ለብቻው አንብቡልኝ» ይበሉ። ሲ249ኤፍ የሚል ኮድ ከወጣ ቆጣሪው ሞልቷል፤ ነገሩ እዚያ ላይ አለቀ። የቮልቴጅ ኮድ ብቻ ከሆነ ባትሪዎቹ ተቀይረው እንደገና ይታያል። ከስልክ ጋር በብሉቱዝ የምትገናኘው ርካሿ ማንበቢያ ለዚህ አትሆንም። እሷ የሞተሩን ኮድ እንጂ የዚህን ክፍል አታነብም።

«በኮምፒውተር ይጠፋል» የሚለው ግን እውነት ስለሆነ ነው የሚያስፈራኝ። ቆጣሪውን ወደ ዜሮ የሚመልስ መሣሪያ አለ። ቁጥሩ ይመለሳል፤ ያረጀው ፖምፓ ግን ያው ያረጀ ፖምፓ ነው። ነገ ሄደው ጽሑፉ ጠፍቶ ካገኙት ደስ አይበልዎ። ዛሬ ካለዎት በላይ ይጠርጥሩ።

ያለ ምንም መሣሪያ የሚደረግ አንድ ሙከራ አለ። መኪናው ተቆልፎ ትንሽ ይቆይ። ከዚያ የሾፌሩን በር ከፍተው ዝም ብለው ያዳምጡ። ሞተሩ ሳይነሣ ከኮፈኑ ሥር «ዝዝዝ» የሚል ድምፅ ይመጣል፤ ፖምፓው ግፊት እየሞላ ነው። አጭር ጮኾ ዝም ካለ ጥሩ ምልክት ነው። ፔዳሉን በረገጡ ቁጥር ረጅም የሚጮህ ከሆነ ግፊት ማጠራቀሚያው ደክሟል። ደላላው በዚህ ሰዓት ሬዲዮ ሊከፍትልዎ ይሞክር ይሆናል፤ ያስዘጉት።

እዚሁ ላይ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የዚህን መኪና የፍሬን ሸራ በሰፈር ጋራዥ አያስቀይሩ። በር ሲከፈት ወይም ቁልፉ ሲነካ ፍሬኑ በራሱ ይነቃል፤ ፒስተኖቹም ከ100 ባር በሚበልጥ ግፊት ይወጣሉ። የመካኒኩ ጣት መሃል ላይ ከሆነ ይሰበራል። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ስርዓቱ በመመርመሪያው እንዲተኛ መደረግ አለበት። ይህን የማያውቅ ልጅ ጎማ ሥር ተቀምጦ ሳለ ሌላው በር ከፍቶ መፍቻ ሊያቀብለው ይችላል።

ክፍሉ ይቀየር ከተባለስ? አዲሱ እጅግ ውድ ነው፤ ከውጭ ማስመጣቱም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ሶማሌ ተራ ወይም ዱባይ ባለው ዘመድ በኩል ያገለገለ ሊያገኙ ይችላሉ። ያ ደግሞ ቆጣሪው የት እንደደረሰ ያልታወቀ ሌላ ያረጀ ክፍል ነው።

ወደ ኪሎ ሜትሩ ልለፍ። 128 ሺህ ከ20 ዓመት በላይ ለሆነው መኪና በዓመት ስድስት ሺህ ገደማ ማለት ነው። የማይሆን ነገር አይደለም። ግን ቁጥር ማውረድ ቀላል ሥራ ነው፤ እዚህም እዚያም ይሠራል። የፔዳሎቹን ጎማ፣ የመሪውን ቆዳ፣ የሾፌሩን ወንበር የበሩን ጎን ይዩ። እነሱ ተልጠውና ሰርጉደው ዳሽቦርዱ 128 ሺህ ካለ የሚዋሸው ዳሽቦርዱ ነው። የሻንሲ ቁጥሩንም ያንብቡ። እውነተኛ ኢ240 ከሆነ በቁጥሩ ውስጥ 211061 ይገኛል። 211042 ካገኙ መኪናው ኢ200 ነው፤ ከኋላ የተለጠፈውን ቁጥር የቀየረ ሰው አለ ማለት ነው። ሊብሬው ላይ ያለው ቁጥር ሻንሲው ላይ ከተመታው ጋር አንድ በአንድ መግጠም አለበት።

እንዲያውም ኪሎ ሜትሩ እውነት ቢሆንም ያን ያህል አያጽናናኝም። የሚያረጀው በኪሎ ሜትር ብቻ አይደለም። የራዲያተሩ ፕላስቲክ፣ የውሃ መስመሮቹ፣ የበሩ ጎማ፣ የእግሩ ቡሾች (የጎማ መጋጠሚያዎች) በዓመትም ያረጃሉ። የባሕረ ሰላጤው ሙቀት ደግሞ ያፋጥንባቸዋል።

ሞተሩን ግን አላማውም። ኤም112 የሚባለው ባለ ስድስት ሲሊንደር መርሴዲስ ከሠራቸው ጠንካሮች አንዱ ነው። ለእያንዳንዱ ሲሊንደር ሁለት ካንዴላ አለው፤ በድምሩ 12። «ካንዴላ ተቀይሯል» ከተባሉ ስንቱ ብለው ይጠይቁ። ከላይኛው ክዳኑ ዘይት ማላቡ የታወቀ ነው፤ ዘይቱ ጭስ መውጫው ላይ ሲንጠባጠብ የመቃጠል ሽታ ይሰጣል። ያስጠላል እንጂ አይገድልም።

ካምቢዮው ላይ ግን አንድ የታወቀ ወጥመድ አለ። የዚያ ዘመን መኪናዎች የተወሰኑት ላይ የተገጠመው ራዲያተር ውስጡ ይቀደድና የራዲያተሩን ውሃ ከካምቢዮ ዘይት ጋር ያደባልቃል። ምልክቱ ይህ ነው፦ በ60 ወይም 70 ፍጥነት እየሄዱ ነዳጁን ቀስ ብለው ሲጨምሩ መኪናው ኮረት ላይ የሚሄድ ያህል ይርገበገባል። ያንን ከተሰማዎት ለማንም ሳይከራከሩ ቁልፉን ይመልሱ። ካልተሰማዎትም ራዲያተሩ ኦሪጅናሉ ከሆነ መቀየር አለበት፤ ካምቢዮ ከማሠራት እጅግ ይረክሳል። «የካምቢዮው ዘይት የዕድሜ ልክ ነው፣ አይቀየርም» የሚልዎትንም አይስሙ። በየ60 ሺህ ኪሎ ሜትሩ ቢቀየር ያ ካምቢዮ ሞተሩን ያህል ይኖራል።

ስለ ውሃ ካነሣን እኛ ሀገር የሚሠራ ትልቅ ስህተት አለ። «አንቲፍሪዝ ለበረዶ ሀገር ነው» ተብሎ የቧንቧ ውሃ ይሞላል። አዲስ አበባ ከፍታዋ 2,300 ሜትር አካባቢ ነው፤ ክፍት ድስት ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። የዚህ ሞተር የሥራ ሙቀትም እዚያው ዙሪያ ነው። ውሃውን ከመፍላት የሚያድነው የክዳኑ ግፊትና የአንቲፍሪዙ ውህድ ነው። ክዳኑ ላልቶ የቧንቧ ውሃ ከተሞላ ቃሊቲ መጨናነቅ ውስጥ ይፈላል። ዝገቱስ? ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) አሉሚኒየም ነው፤ ቀስ በቀስ ይበላል። ክዳኑን ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ ይክፈቱት። ቡናማ ውሃ ካዩ የመኪናውን አያያዝ አወቁት።

ከፍታው ጉልበትም ይቀንሳል። በወረቀት 177 የፈረስ ጉልበት የሚባለው ሞተር እዚህ ከአምስት አንድ እጁን ገደማ ያጣል። ቤንዚኑ ግን በከተማ መጨናነቅ ለ100 ኪሎ ሜትር 15 ሊትር አካባቢ ነው፤ የቪትዝ እጥፍና ከዚያም በላይ። ማደያ ሰልፍ ላይ ልዩነቱን በደንብ ያዩታል።

አሁን ሰፈርዎን እናምጣው። ኮዬ ፈጬ ውስጥ ለውስጥ ኮብልስቶን አለ፣ ያልተነጠፈም አለ፤ ክረምት ላይ ደግሞ ውሃው የጉድጓዱን ጥልቀት ይደብቃል። 211 የኋላ እግሩ ብቻ በእያንዳንዱ ጎን አምስት ዘንግ አለው፤ በየጫፉ ቡሽ አለ። አስፋልት ላይ እንደ ምንጣፍ የሚያስኬደው ይኸው ነው፤ ኮብልስቶን የሚበላውም ይህንኑ ነው። አንዱን ቀይረው ሲወጡ ሌላው ይንኳኳል። ኢ240 አብዛኛውን ጊዜ በተለመደ ሞላ ነው የሚመጣው። በአየር የሚሠራ እግር ያለው ከሆነ ግን ከቦታው ዞር ይበሉ፤ ማታ አቁመውት ጠዋት አንድ ጎኑ መሬት ተኝቶ ያገኙታል። የኋላ ሻንጣውን ምንጣፍም ገልጠው እጅዎን ያስገቡ። እርጥበት ወይም ዝገት ካለ ውሃ ገብቷል፤ ባትሪውና የኤሌክትሪክ ሳጥኑ እዚያው ነው ያሉት።

ከከተማ ዳር መኖር ሌላም ነገር ይጨምራል። መኪናው ቢቆም በግፊት አይነሣም፤ ካምቢዮው አውቶማቲክ ነው። እኛ እንደለመድነው በገመድ አስሮ ከቱሉ ዲምቱ መሃል ከተማ ድረስ መጎተትም አደገኛ ነው። ሞተሩ ካልሠራ ካምቢዮው አይቀባም፤ ባትሪው ከሞተ ደግሞ ከላይ ያልኩትን ፍሬን ይዘው ነው ከኋላ የሚከተሉት። በጭነት ነው የሚነሣው፤ ያ በየጊዜው ሌላ ወጪ ነው።

«መርሴዲስ ዋጋው አይወርድም» የሚል ክርክር ይነሣ ይሆናል፤ ባጭሩ ልመልሰው። ይህ መኪና የተወደደው ጥሩ ስለሆነ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ጫነ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከለከለ። ሀገር ውስጥ ያለው ሁሉ ተሰቀለ። ግን ዋጋ መኖሩና ገዢ መኖሩ ይለያያሉ። ቪትዝ ሊሸጡ ሲሉ ስልክዎ ማረፊያ ያጣል። የፍሬን ጽሑፍ ያለበትን መርሴዲስ ሊሸጡ ሲሉ ግን እንደ እርስዎ የሚጠይቅ ሰው ይመጣል።

ወረቀቱንም ሳላነሣ አልለፍ። ከዱባይ የመጣ መኪና ቀረጥ ተከፍሎበት ነው ወይስ በነፃ ገብቶ ነው? ዲክላራሲዮኑን ይጠይቁ። በቀረጥ ነፃ ከገባ ቀረጡ ሳይከፈል ስም አይዞርልዎም። ዕዳና እገዳ የሌለበት መሆኑን ሊብሬው ካለበት መሥሪያ ቤት ያጣሩ፤ ቦሎውንም ይዩ። «ውክልና ልስጥህና በኋላ ስም ታዞራለህ» የሚለውን በፍጹም አይቀበሉ። ወካዩ ቢሞት ውክልናው አብሮ ይወድቃል፤ እርስዎም ከወራሾች ጋር ክርክር ላይ ይቀመጣሉ። ቀብዱንም አይስጡ። በሕጋችን ቀብድ የሰጠ ሰው ግዢውን ከተወ ቀብዱ ይቀርበታል። ያልተመረመረ መኪና ላይ ቀብድ መስጠት የመመርመር መብትዎን በገንዘብ መሸጥ ነው። ቅዳሜ ለሌላ ሰው ከተሸጠ ይሸጥ።

እንግዲህ ምን ይግዙ? ያለዎት አንድ መኪና፣ አንድ ገንዘብ፣ ሁለት ልጆች ከሆነ ቪትዙን ይግዙ። ከቱሉ ዲምቱ በፈጣን መንገዱ አዳማ ሲሄዱ ይንጫጫል፣ ይነፍሳል፤ አውቃለሁ። ግን ሰኞ ጠዋት ይነሣል። ዕቃውም ሰፈርዎ ድረስ አለ።

መርሴዲስ ካልሆነ እንቅልፍ አይወስደኝም ካሉ ደግሞ ገንዘብ እስኪጨምሩ ይጠብቁና ከ2006 አጋማሽ በኋላ የተሠራውን 211 ይፈልጉ። ለመለየት የሻጩን ቃል አይጠብቁ። ኮፈኑን ይክፈቱ፤ በሾፌሩ በኩል ከሞተሩ ኋላ ትልቅ ክብ ሰርቮ ካዩ ፍሬኑ የተለመደው ነው። ኢ200 ኮምፕረሰር ከሆነ ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ ሲነሣ ያዳምጡት፤ ሲንኳኳ ከሰሙ ካቴናው ለቋል። ኢ280 ወይም ኢ350 ከሆነ የ2006 እና የ2007 መጀመሪያዎቹ ሞተሮች ውስጣዊ ጥርሳቸው ሊያልቅ ይችላል፤ እሱን ለማስተካከል ሞተሩ መውረድ አለበት፤ ስለዚህ ከዚያ በኋላ የተሠራ ይምረጡ። 124 ካማረዎት ከ1992 በፊት ያለውን ይሻላል፤ ከዚያ በኋላ እስከ 1995 የተሠሩት የሞተር ሽቦ ልባሱ እየተፈረፈረ ብዙ ሰው አስለቅሷል።

የትኛውንም ቢመርጡ ደንቤ አንድ ነው፦ ከመኪናው ዋጋ ሲሶው ስም ከዞረ በኋላም ባንክ ውስጥ ሊተርፍዎ ይገባል። ለመጀመሪያው ዓመት ነው፤ ለራዲያተር፣ ለእግር ዕቃ፣ ለባትሪ፣ ለጎማ። እሱ ከሌለዎት መኪናው አቅምዎ አይደለም። ለምርመራ የሚወስዱበትን ጋራዥ ደግሞ እርስዎ ይምረጡ፤ «እኔ የማውቀው ልጅ አለ» የሚለውን ደላላ አመስግነው ይለፉት። የምርመራውን ክፍያ ከኪስዎ ይክፈሉ፤ የተነበበውን ኮድ ሁሉ በወረቀት አትመው እንዲሰጡዎትም ያድርጉ።